ካፖርት ከመግዛታችሁ በፊት ቁምሳጥናችሁን ክፈቱ

ቀይ ካፖርት ነበረኝ። ቀይ ስላችሁ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። መንገድ ማዶ ያለ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው፣ ከሩቅ የሚጣራ ቀይ ነው። ሱቁ ውስጥ ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም «በቃ፣ አገኘሁት» አልኩ። ሻጯም «ላንቺ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አለችኝ፤ አመንኳት። የዚያን ቀን ከስር የለበስኩት ጥቁር ቲሸርትና ጂንስ ነበር። ጥቁር ቲሸርትና ጂንስ ደግሞ እኔ የምለብሰው ቤት ሳጸዳ ወይ የሆነ ዕቃ ልገዛ ብቅ ስል ነው።

ቤት ገብቼ ቁምሳጥኔን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ቡናማ ሹራብ፣ የወይራ አረንጓዴ ሱሪ፣ ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት የሚደርሱ ጉርዶች በሰልፍ። ካፖርቱ ደግሞ ዳሌዬ ላይ ያልቃል። በማግስቱ ከረጅሙ ጉርዴ ላይ ደርቤው ልወጣ ስል እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ከወገብሽ በታች ያለችው ማን ናት?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ግን ልክ ነበረች። ካፖርቱ ሁለት የብርድ ወቅት ሙሉ መስቀያ ላይ ከረመ። እኔም ክርኑ የሳሳውን አሮጌ ግራጫ ጃኬቴን እየለበስኩ ብርዱን ገፋሁት።

ካፖርቱ ምንም አልነበረበትም። ሱፉ ጥሩ፣ ስፌቱ ጥሩ። የገዛሁት ግን ለሌላ ሴት ቁምሳጥን ነበር።

ብዙዎቻችን ካፖርትን ከልብስ አንቆጥረውም። ብርድ ሲሆን ከላይ ጣል የሚደረግ ነገር ነው፤ ልብስ የምንለው ከስር ያለውን ነው። ብርድ ባለበት ግን ለሦስትና ለአራት ወር ሰው የሚያየው ካፖርታችሁን፣ ከስሩ ብቅ ያለችውን ሱሪ ወይ ጉርድ፣ ከዚያ ጫማችሁን ነው። ያቺ ተጨንቃችሁ የመረጣችኋት ሸሚዝ የምትሄዱበት እስክትደርሱ ተደብቃ ነው የምትጓዘው። እስቲ የብርድ ወራት ፎቶዎቻችሁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጉ። እኔ ሳይ የልደት ይሁን የእራት ግብዣ፣ በሁሉም ያቺው ክርነ ሳሳ ጃኬት ናት።

ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ሱቅ ከመሄዴ በፊት ባለፉት ሁለት ሳምንታት የለበስኩትን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። ልብ በሉ፣ የምወደውን ሳይሆን የለበስኩትን ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የምወደው ውስጥ አንድ ቀን ለብሼው የማላውቅ ነጭ ሱሪ አለ። የለበስኩት ውስጥ ያ ቡናማ ሹራብ ሦስት ጊዜ ተደግሟል። ከዚያ ሹራቡንም ሸሚዙንም ወደ ጎን አደረግኩና ከወገብ በታች የሚለበሰውንና ጫማውን ብቻ ተመለከትኩ፤ ከካፖርት ስር የሚታየው እሱ ነዋ። አራት ረጃጅም ጉርዶች፣ ሁለት ሰፋፊ ሱሪዎች፣ አንድ ጠባብ ሱሪ፣ ቡናማ ቦት ጫማ። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገኝ ካፖርት ሳላየው በግማሽ ታወቀ። ረጅም መሆን አለበት፤ ከቡናማ ጫማ ጋር መሄድ አለበት፤ ሰፊ ሱሪ ከስሩ ሲወጣ ድንኳን እንዳልመስል ከላይ በኩል ቅርጽ ያስፈልገዋል።

ርዝመት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዳሌ ላይ የሚያልቅ ካፖርት ከሱሪ ጋር ሸጋ ነው፣ መኪና ለሚነዳም ይመቻል። ጉርድና ቀሚስ የሚያዘወትር ሰው ከገዛው ግን የኔ ዕጣ ይደርሰዋል። ጉልበት ላይ ወይ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚያልቅ ከሞላ ጎደል ከሁሉም ጋር ይስማማል። ባት ድረስ የሚወርደው ከሁሉም ይሞቃል፤ ሲያምርም እሱን የሚያህል የለም። ግን ጫፉ የባታችሁ ወፍራም ቦታ ላይ ካረፈ እግራችሁን እዚያው ላይ ይቆርጠዋል፤ ሦስት ጣት ዝቅ ወይ ከፍ ሲል ልዩነቱን መስታወቱ ራሱ ይነግራችኋል። ኮትና ሱሪ ለብሳችሁ ሥራ የምትገቡ ደግሞ ካፖርቱ የግድ ከኮቱ መርዘም አለበት። የኮት ጫፍ ከካፖርት ስር ተንጠልጥሎ ሲታይ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ በጥድፊያ የለበሰ ሰው ያስመስላል።

«አጭር ሰው ረጅም ካፖርት አይልበስ» የሚለውን ምክር ግን እርሱት። እኔ አጭር ነኝ፣ ያውም በደንብ። ሰውን የሚያሳጥረው ቁርጥራጭ ነው። ነጣ ያለ ካፖርት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ጫማ ብታደርጉ ዓይን ሦስት ቦታ ላይ ይቆማል። ካፖርቱና ከስሩ የሚወጣው ልብስ በቀለም ሲቀራረቡ ዓይን ሳይቋረጥ ከትከሻ እስከ ጫማ ይወርዳል፤ እኔን በሁለት ጣት ያስረዘመኝ ይሄ ነው። እጅጌውም ልኩን ይጠብቅ። የእጅ አንጓን ሸፍኖ አውራ ጣት ሥር ላይ ያብቃ። ጣቶቻችሁን ከዋጠ የታላቅ ወንድማችሁን ካፖርት የለበሳችሁ ነው የምትመስሉት።

አሁን ወደ ትከሻ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እሱ ትከሻ ይሁን። ልብስ ሰፊዬ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ አንዴ ግን ትከሻው የወረደ ካፖርት ይዤለት ሄጄ «ይጥበብልኝ» ስለው መነጽሩን አወለቀና እጅጌውን ገልብጦ አሳየኝ። የትከሻው ስፌት ስር ወፈር ያለ ንጣፍ አለ፣ ከንጣፉ ስር ሸራ መሰል ጨርቅ አለ፣ እጅጌው ሲገጠም ጥቂት በጥቂት ተሰብስቦ ነው የገባው፤ ኮሌታው ደግሞ ከዚያው ጋር ተያይዟል። «ይሄን መንካት ማለት ካፖርቱን እንደገና መስፋት ማለት ነው» አለኝ። እጅጌ ማሳጠር ይቻላል፣ ጫፉን ማጠፍ ይቻላል፣ ቁልፍ አንድ ሁለት ሴንቲ ማንቀሳቀስ ይቻላል፣ ጀርባውን ትንሽ ማጥበብም ይቻላል። ትከሻ ግን ሱቁ ውስጥ ልክ ካልሆነ ልክ አይሆንም፣ አለቀ። ስፌቱ የትከሻችሁ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ወይ ከዚያ በጣም ትንሽ ወጣ ብሎ ማረፍ አለበት።

ደግሞ ሱቅ ስትሄዱ ያላችሁን ወፍራም ሹራብ ለብሳችሁ ሂዱ። በቲሸርት ሞክሮ ካፖርት መግዛት ያለ ካልሲ ቦት ጫማ እንደ መለካት ነው። ቆልፉት፤ ከዚያ ራሳችሁን እቀፉ። ጀርባችሁ ላይ ከተወጠረ ወይ ቁልፎቹ መሀል ላይ አፋቸውን ከከፈቱ ጠቦአችኋል። አውቶቡስ ውስጥ እጀታ እንደያዘ ሰው እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፤ ካፖርቱ በሙሉ አብሮ ከተነሳ ብብቱ ዝቅ ብሎ ነው የተቆረጠው። ቁጭም በሉ። ሻጩ ቢያያችሁ ይየው፤ ገንዘቡ የናንተ ነው።

እንደኔ ሹራብ ላይ ሹራብ የሚደርብ ሰው ራግላን እጅጌ ያለውን ይመልከት። ስፌቱ ትከሻ ላይ ሳይሆን ከአንገት ተነስቶ በሰያፍ ወደ ብብት የሚወርደው ማለቴ ነው። ትከሻ ላይ መስመር ስለሌለው ከስር የሚለበሰው ቢሳሳም ቢወፍርም አያሳጣም። ትከሻው ጠበብ ላለ ሰው ግን የበለጠ ሸርተት ያለ ያስመስለዋል፤ እሱ ቀጥ ያለ ስፌት ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሰውነትን በፍራፍሬ የሚመድቡት ምክሮች፣ ፖም ነሽ፣ ፒር ነሽ የሚሉት፣ ብዙም አይዋጡልኝም። ማናችንም አንድ ፍሬ ብቻ አይደለንም። ከነሱ ውስጥ እውነት ሆነው ያገኘኋቸው ጥቂቶች ናቸው። ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ካፖርት ደረት ላይ ሁለት ጨርቅ ስለሚደራረብ ደረተ ሰፊን የበለጠ ያሰፋል፤ ቀጭን ሰው ላይ ግን ግርማ አለው። ቀበቶ ወገብን ያወጣል፤ ነገር ግን ጨርቁ ወፍራም ከሆነ ወገብ ላይ ተከማችቶ ጥቅልል ይሠራል፤ ጨርቁ ሲወፍር ቀበቶ ከማሰር ከስፌቱ ወገቡ ገባ ያለውን መምረጥ ነው። ትልልቅ የጎን ኪሶች ዳሌ ላይ ስለሚያርፉ ዳሌ ላይ ይጨምራሉ። አንገታችሁ አጭር ከሆነ ቆም ያለው ኮሌታ ይውጣችኋል፤ ተዘርግቶ ወደ ደረት የሚወርደው ይሻላል። ከዚህ ሌላ ያለውን መስታወትና እውነት የምትናገር እህት ይጨርሱታል።

ቀለም። ጥቁር ከሁሉ ጋር ይሄዳል ይባላል፤ ለኔ ግን ግማሽ እውነት ነው። ጥቁር ካፖርት ታጥቦ ከደበዘዘ ጥቁር ሱሪ ጋር ሲለበስ ሱሪውን አሮጌ ያደርገዋል። ብናኝ፣ ክር፣ የድመት ጸጉር፣ አንዱንም አይደብቅም። ቁምሳጥናችሁ በአብዛኛው ጥቁር፣ ግራጫና ሰማያዊ ከሆነ ጥቁር ወይ ድቅድቅ ያለ ግራጫ ግዙ፤ ጥቁር ሰማያዊም ከጂንስ እስከ ሱፍ ሱሪ ድረስ አያሳፍርም። ቁምሳጥናችሁ እንደኔ ወደ ቡናማና አረንጓዴ ካደላ ግን ቸኮላታማ ቡናማ፣ ድቅድቅ አረንጓዴ ወይ የግመል ቀለም ከጥቁር በእጅጉ ይበልጣሉ።

የግመል ቀለም ስሙን ያገኘው እንዲሁ አይደለም። ካፖርቱ ድሮ የሚሠራው ከእውነተኛ የግመል ጸጉር ነበር፤ ባለ ሁለት ሻኛዋ ግመል ከላይኛው ጸጉሯ ስር ካላት ለስላሳ ጸጉር፣ ብዙ ጊዜም ሳይነከር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ተራ ሱፍ ነው፣ ቀለሙን ብቻ ወስዶ። ማክስ ማራ የተባለው የጣሊያን ልብስ አምራች እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው 101801 የሚባለው ካፖርት በዚህ ቀለም ይታወቃል፤ አን ማሪ ቤሬታ የነደፈችው ሲሆን ዛሬም ድረስ ይሠራል። እኔ ግን የግመል ቀለም ለብሼ ሱቁ መብራት ስር ስቆም ፊቴና ካፖርቱ አንድ ሆኑ፤ ጠይም ስለሆንኩ ቀለሙ ከቆዳዬ ጋር ተቀራረበና የት እንደምጀምር ጠፋኝ። ሻጯ ክሬም ስካርፍ አንገቴ ላይ ጣል ስታደርግልኝ ፊቴ ተመለሰ። ስለዚህ አንድ ቀለም አልሄደላችሁም ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ፊትና ካፖርት መሀል ሌላ ቀለም አስገብታችሁ ሞክሩ። መስኮት አጠገብም ውጡ፤ የሱቅ መብራት ውሸታም ነው።

ከዚህ በኋላ ውስጡን ገልብጣችሁ ምልክቱን አንብቡ። ካፖርት የሚያሞቀው ጨርቁ ውስጥ በሚይዘው አየር ነው። የበግ ጸጉር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ላዩ ርጥበት ሳይሰማችሁ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል እርጥበት መያዝ ይችላል። እኔ ከ70 በመቶ በታች ሱፍ ያለውን ብዙም አላይም። ቀሪው ፖሊአማይድ (ናይሎን ማለት ነው) ቢሆን ክፋት የለውም፤ እንዲያውም እንዳይሳሳ ያጠነክረዋል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ግን ብብትና የቦርሳ ማንጠልጠያ የሚነካካው ቦታ ላይ ቶሎ እንክብል እንክብል ያወጣል። የካፖርቱን ጨርቅ በሁለት ጣት ይዛችሁ አሸት አሸት አድርጉት፤ ሱቅ ውስጥ እያለ ጸጉር ማውጣት ከጀመረ ቤታችሁ ገብቶ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ገበሩንም አትርሱ። ቪስኮስ፣ ማለትም ከእንጨት የሚሠራው ጨርቅ፣ ገበር ሲሆን ሹራብ ላይ ይንሸራተታል፣ ላብም ያሳልፋል፤ ፖሊስተሩ ጠንካራ ነው፣ ግን አውቶቡስ ውስጥ ሲሞቅ ያፍናል።

የካፖርት ዓይነቶች ከየት እንደመጡ ማወቅም ለምርጫ ይረዳል። ፒኮት የመርከበኞች ነው፤ መርከብ ላይ ወዲያ ወዲህ ለሚል ሰው ስለተሠራ አጭር ነው፣ ስለዚህ ሱሪ ይፈልጋል። ደፍል ኮት ያ ከቁልፍ ይልቅ የእንጨት ማያያዣና የገመድ ቀለበት ያለው ነው፤ በጓንት እንኳ መቆለፍ ይቻላል፣ ሰፊ ስለሆነም ወፍራም ሹራብ ይችላል፤ ሽክ ብሎ ለሚለብስ ሰው ግን ትንሽ የተማሪ ነገር አለው። ትሬንች ኮት፣ ያ ቀበቶ ያለው የዝናብ ካፖርት፣ ደግሞ ባይዋሽ ጥሩ ነበር! ፎቶ ላይ በረዶ መሀል ለብሰውት ታያላችሁ። ጋባርዲን የሚባለው ጨርቁ እ.ኤ.አ. በ1879 እንግሊዛዊው ቶማስ በርበሪ የፈለሰፈው ሲሆን ሥራው ዝናብና ንፋስ መከላከል ነው፤ ብርድ ሲጠና ከስሩ የሚደረብ ነገር ከሌለው ትንቀጠቀጣላችሁ።

ላባ ስለተሞላው ስለዚያ እንደ ፍራሽ የተነፋ ጃኬትም ላንሳ፤ ብርዱ የእውነት ብርድ ከሆነ የሚደርስበት የለም። ኤዲ ባወር የተባለው አሜሪካዊ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ በብርድ ሊሞት ደርሶ ከተረፈ በኋላ ነው የራሱን የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ምልክቱ ላይ 600፣ 700፣ 800 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። አንድ አውንስ (28 ግራም ገደማ) ላባ ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ እንደሚሞላ የሚናገር ነው፤ ከፍ ሲል በትንሽ ክብደት ብዙ ሙቀት ታገኛላችሁ። ነገር ግን ስንት ግራም እንደተሞላ ቁጥሩ አይነግራችሁም፤ 800 ተብሎ እንደ ወረቀት የሳሳ ጃኬት አለ። ላባ ሲረጥብ ደግሞ ይኮማተርና ሙቀቱን ያጣል፤ ርጥብ ብርድ ባለበት ሰው ሠራሽ ሙሌት ይሻላል። ማማሩ? ስፌቶቹ የተቀራረቡት፣ ወገቡ ላይ ገባ ያለው ይሻላል። ሰፋፊ ስፌት ያለው ሁላችንንም እኩል ክብ ያደርገናል፤ እሱም አንድ ዓይነት ፍትሕ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አያስችለኝም። አዲስ ካፖርት ከኋላው የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ በወፍራም ክር የተሰፋ ትንሽ የኤክስ ምልክት አለው። ያ ጌጥ አይደለም! በጉዞ እንዳይጨማደድ የተደረገ ነው፤ ስትገዙት በመቀስ ይቆረጣል። እጅጌ ላይ ያለው የስም ጨርቅም እንደዚያው። ኪሱ የተሰፋ ከመሰላችሁ ክሩን ፍቱት፤ ከስሩ እውነተኛ ኪስ ሊኖር ይችላል። አንድ በጣም የዘነጠ ሰውዬ ኤክሱን ሳይቆርጥ ሲሄድ አይቼ ሦስት መንገድ ተከትየዋለሁ፣ ልንገረው አልንገረው እያልኩ። ሳልነግረው ተለያየን። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በመጨረሻ የገዛሁት ሰልባጅ ነው። ቸኮላታማ ቡናማ፣ ራግላን እጅጌ፣ አንድ ረድፍ ቁልፍ፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር የሚወርድ፣ 80 በመቶ ሱፍ። ሰልባጅ ስትገዙ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብል የበላው ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል። በተለይ ኮሌታው ስርና ኪሱ አፍ ላይ ፈልጉ። የሚበላው የምትበረዋ ነፍሳት አይደለችም፣ ከእንቁላሏ የሚወጣው ትል ነው፤ ስለዚህ ለበጋ ከመስቀላችሁ በፊት አጽዱት፣ ላብና ምግብ የነካውን አብልጦ ይወዳል። የኔው ቀዳዳ አልነበረውም፤ ገበሩ ብቻ ብብቱ ላይ ተተርትሮ ነበር። ልብስ ሰፊዬ ዘጋልኝና ቁልፎቹን ቀየረልኝ። የድሮዎቹ ወርቃማ ፕላስቲክ ነበሩ፤ አሁን ቀንድ መሳይ ቡናማ ናቸው፣ ካፖርቱም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ከአራቱም ጉርዶቼ ጋር ሞክሬዋለሁ፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ከነጩ ሱሪ ጋርም ያምራል፤ ሱሪውን ግን አሁንም አልለበስኩትም።

ቀዩን ለእህቴ ሰጠኋት። እሷ ከዓመት እስከ ዓመት ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሹራብ ናት፤ ለብሳው በር ላይ ስትቆም እኔ ሱቁ ውስጥ ያየሁትን ካፖርት አየሁት። ያ ሁሉ ዓመት እሷን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ቡናማውን ለአንድ ቀን አውሺኝ» አለችኝ። አላውስም።